የጎዳና ውሻ በረሃብና በዱላ አይላመድም፦ ለሚዞረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ በየቦታው ሼር የሚደረግ አንድ ጽሑፍ አለ፣ የጎዳና ውሻ ወደ ግቢ ስታስገቡ ጌታውን እንዲያውቅ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚል። ለኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራም ሳቢያንም ሰፈር ያሉ የማውቃቸው ልጆች አንቺ ከጎዳና ውሻ አንስተሽ አሳድገሻል፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው እያሉ ጠየቁኝ፣ አንዷ እንደውም ጽሑፉ እንዳለው ውሻዋን ማሰር ጀምራለች። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም አቦ፣ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ግን የጻፈውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ውሻው እንደገባ አጭር ሰንሰለት ላይ ይታሰር፣ ሁለት ቀን ምግብ አይሰጠው፣ ከዛ በኋላ ከእጃችሁ ብቻ ይብላ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ተብሎ የለ ይላል። ሁለተኛ፣ ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ አለቃ ይፈልጋል፣ እየበላ ሳህኑን ንጠቁት፣ በጀርባው አጋድማችሁ ያዙት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አለቃው ማን እንደሆነ አሳዩት። ሦስተኛ፣ ከተደበቀ ጎትታችሁ አውጡት፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይዳብሰው፣ በዛው ይለምዳል። አራተኛ፣ ካጉረመረመ እዛው ምቱት፣ ዛሬ ካላረማችሁት ነገ ይነክሳል። አምስተኛ፣ በሁለት ሳምንት ካልተላመደ ተስፋ የለውም፣ ወደነበረበት መልሱት፣ ከመጀመሪያውም ከአዋቂ ውሻ ቡችላ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጆችን ከአዲስ ውሻ ጋር ብቻቸውን አትተዉ፣ ከተላመደ በኋላ አስከትቡት ይላል።

ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ግን ክፉ ሰው አይመስለኝም። ጎዳና ላይ ያሉት ውሾች ቤት እንዲያገኙ ብሎ ነው የጻፈው፣ እሱን አከብርለታለሁ። ስለ ልጆቹ ያለው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፣ አንድም ቃል አልጨምርበትም። ችግሩ የቀረው ምክር በሙሉ አንድ ሐሳብ ላይ መቆሙ ነው፣ ውሻው ከፈራን አመነን የሚል። ፍርሃትና እምነት ግን ለየቅል ናቸው። ውሻ የሚያምነው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሲያውቅና ከፈለገ ዞር ብሎ መሄድ እንደሚችል ሲያውቅ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ነው የሚወስድበት።

በረሃቡ ልጀምር። የድሬን የጎዳና ውሻ ረሃብ አስተምረዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? ከተወለደ ጀምሮ የኖረው እሱን ነው፣ ቀፊራ ገበያ ሲዘጋ የተጣለ ለቅሞ፣ ሥጋ ቤት በር ላይ ድንጋይ እየተወረወረበት ቆሞ። የተራበ ውሻ ያገኘውን ሳያኝክ ይውጣል፣ ሲበላ የቀረበውን ሁሉ ሊቀማኝ ነው ብሎ ያያል፣ ብዙ ጊዜ ንክሻ የሚጀምረውም እዛ ሳህን ላይ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ በየከተማው የውሻ ቁጥር ይቀንስ እየተባለ መርዝ ያለበት ሥጋ ሲበተን ኖሯል፣ ከሰው እጅ የመጣ ምግብ የሚያስፈራው ውሻ ቢኖር ምን ይገርማል። ተረቱም ቢሆን ውሻ በበላበት ይጮኻል ነው የሚለው፣ በተራበበት አይልም።

ከእጅ ማብላት ጥሩ ነው ያለውን ግን እቀበላለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ። መጀመሪያ ምግቡን አስቀምጣችሁ ሂዱ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሳህን። ከዛ አስቀምጣችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ከዛ ቀረብ በሉ፣ እጃችሁ ላይ መብላት የመጨረሻው ነው፣ እሱም ራሱ መጥቶ። ምግቡን በተመለከተ ጽሑፉ ከሥጋ ቤት ጥሬ ሳንባና ጉበት ስጡት ይላል፣ እሱን ቀቅላችሁ ስጡ እባካችሁ። የበግና የላም ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እጢ የሚያወጣው ትል ጥሬውን የበላ ውሻ አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሰው ላይም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ እጢ ያበቅላል። የተረፈ ወጥም አትስጡት፣ ሽንኩርት የውሻ ደም ይጎዳል።

ሰንሰለቱ። ጸሐፊው የት ሀገር ሆኖ እንደጻፈው አላውቅም ግን ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ አጭር ሰንሰለት ማለት ሞት ሊሆን ይችላል። ቀን 35 ዲግሪ ሲያልፍ እኛ ራሳችን ሱቁን ዘግተን ጥላ ፍለጋ እንገባለን፣ ውሻ ደግሞ እንደኛ አያልበውም፣ ከመዳፉ ሥር ካለችው ትንሽ ላብ በቀር ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ነው፣ የታሰረው ውሻ ከጥላው ጋር መሄድ አይችልም። ጤነኛ ውሻ ሰውነቱ 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 41 ካለፈ አደጋ ውስጥ ገብቷል። ሐረር አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ እዛ ደግሞ ማታ ጅብ አለ፣ ግቢ በር ላይ የታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣበት ሮጦ አያመልጥ፣ ታግሎ አያሸንፍ።

ይሄን ስል በሩን ከፍታችሁ ልቀቁት እያልኩ አይደለም። አዲስ ውሻ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክፍተት ካገኘ ይሄዳል፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትፈልጉት ትውላላችሁ፣ ስለዚህ እንዳይወጣ ያድርጉ ያለው ትክክል ነው። ግን በሩ የሚዘጋ ግቢ ወይ ጥላ ያለው አንድ ክፍል፣ ውኃ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚተኛበት ጥግ ይበቃዋል። ማሰር ግድ ከሆነ አንገቱን የማያንቅ፣ ደረቱ ላይ የሚታሰር ማሰሪያና ረጅም ገመድ፣ ሰው እያለ ብቻ። ፈርቶ መሸሽ የማይችል ውሻ የሚቀረው አማራጭ መንከስ ነው፣ እና ያንን ሁኔታ በገዛ እጃችን ለምን እንፈጥራለን?

አሁን ወደ አለቃው ጉዳይ ልምጣ፣ ብዙ ሰው ያመነው ይሄኛውን ነው፣ ሳይንስ ስለሚመስል። ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል የሚባል ተመራማሪ ስዊዘርላንድ ባዝል ያለ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ተኩላዎችን አይቶ ከጻፈው ነው። እነዛ ተኩላዎች አንድ ቅጥር ውስጥ የታጎሩ ነበሩ፣ መሄጃ የላቸውም፣ ስለዚህ ይጣላሉ፣ አንዱ አንዱን ይጫናል። በኋላ ዴቪድ ሜች የሚባለው አሜሪካዊ የተኩላ አጥኚ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በደንብ አሰራጨው፣ ከዛ ግን ዱር ውስጥ ያሉ ተኩላዎችን ለብዙ ዓመት ሲከታተል ቆይቶ በ1999 ራሱ አረመው፣ የዱር ተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፣ ተደባድቦ አለቃ የሚሆን የለም ብሎ። ሐሳቡን ያስፋፋው ሰውዬ ራሱ የተወውን እኛ እስከዛሬ ሼር እናደርጋለን። ደግሞ ውሻ ከሰው ጋር በሺዎች ዓመታት የኖረ እንስሳ ነው፣ ተኩላ እንዲህ ስለሚያደርግ ውሻም እንዲህ ነው ማለት በራሱ አያስኬድም።

ሳህን መንጠቁ ምን ያስተምረዋል? እጃችሁ ወደ ሳህኑ ሲመጣ ምግቡ እንደሚጠፋ። በቃ ይሄንን ነው። እየበላ ስታልፉ ከሳህኑ የተሻለ ቁራሽ ወርወር ብታደርጉለት ግን እጃችሁ ሲመጣ ምግብ እንደሚጨመር ይማራል፣ ያኔ ልጅ እንኳን ድንገት ቢቀርብ የመደንገጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ዓይን ዓይኑን ማየትም እንደዛው፣ ለማያውቃችሁ ውሻ ማፍጠጥ ዛቻ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ውሻና ባለቤቱ ሲተያዩ ሁለቱም ላይ ኦክሲቶሲን የሚባለው፣ እናትና ልጅን የሚያቀራርበው ሆርሞን ይጨምራል ይላል፣ ግን ልብ በሉ፣ ያ የተለካው አብረው የኖሩና የተዋደዱ ላይ ነው። ትላንት ከጎዳና የመጣው ላይ አይደለም።

ለዚህ ነጥብ ግን ከባዝልም ከጃፓንም በላይ የሚቀርበን ማስረጃ ሐረር አለ። ጀጎል ግንብ ውጭ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሰዎች ጅብ ሲያበሉ ኖረዋል፣ ሁላችንም እንግዳ ሲመጣብን ይዘን ሄደን አሳይተናል። ጅብ ነው እኮ፣ አጥንት የሚሰባብር መንጋጋ ያለው! ማን አሰረው? ማን በጀርባው አጋደመው? ምንም። በየማታው ሲመሽ ያው ቦታ፣ ያው ድምፅ፣ በስም ይጠራሉ፣ ሥጋው ይቀርባል፣ የፈለገ ጅብ ይመጣል፣ ያልፈለገ ራቅ ብሎ ጨለማው ውስጥ ይቆማል፣ ማንም ሄዶ አይጎትተውም። መጀመሪያ ሥጋው ይወረወርለታል፣ ሲደፍር ከእንጨት ጫፍ ይወስዳል፣ ከሰውዬው አፍ የሚወስዱም አሉ። እርግጥ ጅብ ቤት ውስጥ አይኖርም፣ ውሻም ጅብ አይደለም፣ ንጽጽሩን ከልክ በላይ ልስበው አልፈልግም። ግን ማታ የዱር አውሬ ያለ ዱላ ቀርቦ ከሰው እጅ በሚበላበት ሀገር፣ ለዘመናት ከሰው ጋር የኖረውን ውሻ ካላንበረከካችሁ አያምናችሁም መባሉ ነው ያልገባኝ።

ሦስተኛው፣ ጎትታችሁ አውጡት የሚለው፣ እኔን በጣም ያሳዘነኝ ነው። እስቲ አንድ ነገር አስቡ፣ መንገድ ላይ ውሻ እያያችሁ ጎንበስ ብትሉ ምን ያደርጋል? ጫማችሁን ልታስሩ ቢሆንም ይፈረጥጣል፣ ምክንያቱም በሕይወቱ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ድንጋይ አንስቷል። ይሄ ውሻ ግቢ ሲገባ ያንን ይዞ ነው የሚገባው። ቡኒ የምንላት የኛ ውሻ መጀመሪያ ስትመጣ መጥረጊያ ስይዝ ትሸናለች፣ ከኋላዋ የብረት በር ሲዘጋ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ትገባና እስኪመሽ አትወጣም፣ ቤታችን ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ ዳር ስለሆነ የጥሩምባው ድምፅ ራሱ ያስበረግጋታል። አልጎተትናትም። ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ዱካ አውጥቼ ጎኔን ሰጥቻት እቀመጣለሁ፣ አላያትም፣ አልጠራትም፣ ስልኬን እያየሁ አልፎ አልፎ የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ ወደሷ እጥላለሁ፣ ከኔ ይልቅ ለሷ ቀረብ አድርጌ። መጀመሪያ ገብቼ ካልተኛሁ አትበላም ነበር። ቀስ በቀስ እያየኋት መብላት ጀመረች፣ ከዛ ወደኔ የወደቀውን መልቀም፣ ከዛ ከኋላ መጥታ ተረከዜን ማሽተት። ያኔም እጄን አልዘረጋሁም። መጀመሪያ የነካኋት ደረቷ ሥር ነው፣ አናቷን ሳይሆን፣ ከላይ የሚመጣ እጅ ዱላ ስለሚመስላት፣ ነካ አድርጌ ተውኳት፣ ራሷ ጠጋ ስትል ነው የቀጠልኩት።

ጸሐፊው እኔ ጎትቼ አውጥቼው በሦስተኛው ቀን ጸጥ አለ ይላል። ጸጥ ማለቱን አምናለሁ፣ ግን ጸጥታው ምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የሚባሉ ተመራማሪዎች ውሾችን ማምለጥ በማይችሉበት ቦታ አስረው ኤሌክትሪክ ያስነዝሯቸው ነበር፣ ጨካኝ ሙከራ ነው፣ ዛሬ ማንም አይፈቅደውም። በኋላ እነዛን ውሾች በቀላሉ ዘለው የሚያመልጡበት ሳጥን ውስጥ ሲያስገቧቸው አብዛኞቹ አልሞከሩም፣ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም ብለው ተስፋ ቆርጠው ነው። ውሻችሁ ተጎትቶ ሰው ሁሉ ሲዳብሰው ዝም ካለ እስቲ ሌላውን ምልክት እዩ፣ ጅራቱ እግሩ መሃል ከገባ፣ ሳይራብ አፍንጫውን ከላሰ፣ ሳያንቀላፋ ካዛጋ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑን ነጭ ካሳያችሁ፣ ያ ውሻ አልለመደም፣ እየታገሠ ነው። ትዕግሥቱ የሚያልቅበትን ቀን ማንም አያውቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ ይዳብሰው ያለው ደግሞ የኛን ሰፈር ኑሮም አላሰበም። እዚህ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም በሚከተሉት የእስልምና ሕግ ትምህርት፣ የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፣ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ሶላት ሊሰግድ የሚሄድን ሰው ውሻዬን ዳብስልኝ ማለት ተገቢ አይደለም፣ ለውሻውም አይጠቅመውም። አጥር የምንጋራትና አዴ ብለን የምንጠራት ጎረቤታችን ቡኒን አንድ ቀን ነክታት አታውቅም። ግን ውኃ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ አላህ ማረው የሚለውን ሐዲስ ነግራናለች፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ውኃ ታስቀምጥላታለች፣ ከሩቅ በስሟ ትጠራታለች፣ እና ቡኒ ሊዳብሷት ከሚሯሯጡት እንግዶቻችን ይልቅ አዴን ስታይ ነው ጅራቷ የሚወዛወዘው። ለእንግዶች ያወጣነው ሕግ አንድ ነው፣ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ውሻዋን እንዳላያችኋት ሁኑ። ከሰዓት በርጫ ለመጣም ያው ነው። እሷ ከፈለገች ትመጣለች።

አራተኛው አደገኛው ነው፣ ማጉረምረምን መምታት። ማጉረምረም ማለት ፈርቻለሁ፣ አትጠጉኝ ማለት ነው፣ ውሻው ከመንከሱ በፊት የሚሰጣችሁ የመጨረሻ ዕድል ነው። ስትመቱት ፍርሃቱ አይጠፋም፣ ይጨምራል እንጂ፣ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። ጥሩምባው የተነቀለ ባጃጅ አይቆምም፣ ሳያሰማ ነው የሚመጣባችሁ። ድንገት ነከሰኝ፣ ምንም አላሳየም የሚባሉት ውሾች ውስጥ ስንቱ ማጉረምረሙን በዱላ የተከለከለ ይሆን? ሲያጉረመርም ቁሙ፣ ወደኋላ ራቁ፣ ምን እንዳስቆጣው አስቡ፣ ሳህን ነው? ሰው ነው? የነካችሁት ቦታ ነው? ጆሮው ውስጥ መዥገር ያለበት ወይ የድሮ ስብራት የሚያመው ውሻ ሲነካ ያጉረመርማል፣ እሱን የሚያየው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ካጉረመረመ አትተዉት የሚለው ሥጋቱ ግን ከንቱ አይደለም፣ በተለይ በሕግ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳን። ስለዚህ ደጋግሞ የሚናከስ ውሻ ካላችሁና ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ሐኪም አማክራችሁ አናስቀምጠውም ብትሉ ማንም ሊፈርድባችሁ አይገባም። እሱ ግን ዱላ ማንሳት አይደለም።

አምስተኛው ላይ አጠር ላድርግ። ቡችላ ይቀላል ያለው እውነት ነው፣ ስኮትና ፉለር የሚባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳሳዩት ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው አካባቢ ያየውን ነገር በቀላሉ ይለምዳል። ግን እዚህ ሰው ቡችላ ይሻላል ሲባል ዓይኑ ገና የተከፈተውን ነው ከእናቱ የሚነጥቀው፣ ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት አለበት። ሁለት ሳምንት የሚለው ቀነ ገደብ ደግሞ ከየት መጣ? ውሻ የሚያነሱ ሰዎች በልምድ የሚሉት ሦስት ቀን ድንጋጤው፣ ሦስት ሳምንት ቤቱን ለማወቅ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው ለማለት ነው፣ እሱም ግምት ነው፣ ከዛ የሚያንስም በጣም የሚበልጥም አለ። በሁለት ሳምንት መልሱት ስትሉ ወዴት? የነበረበትን ሰፈር ሌሎች ውሾች ይዘውታል፣ ሲመለስ ነው የሚቦጫጭቁት።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ፣ ማስከተቡን በማስታወሱ አመሰግነዋለሁ፣ ቅደም ተከተሉን ግን አልቀበልም። ከተላመደ በኋላ አይደለም፣ አዋቂ ውሻ እንደገባ ነው የሚከተበው፣ ቡችላ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዛ በየዓመቱ። ፈሪ ከሆነ ሐኪሙ ቤት ይምጣ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ መያዝም ይቻላል፣ ያ አንድ ቀን ያስደነግጠዋል ግን ሥጋ እየበላ ይረሳዋል። ደግሞ ክትባት ወሰደ ብላችሁ አትዘናጉ፣ በሽታው ውሻ ላይ ምልክቱን ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ውሻው ከናንተ በፊት ተይዞ ሊሆን ይችላል። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከነከሳችሁ ወይ ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዛው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፣ ውሻውን ደግሞ አትግደሉት፣ ለይታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ፖስቱ አሁንም እየዞረ ነው፣ ያነሳኸው ዓላማ ጥሩ ነው፣ ሰውም እየሰማህ ነው። ሌላው ቢቀር ሁለት ቀን አስርቡት የሚለውንና ካጉረመረመ ምቱት የሚለውን አውጣው፣ ከቻልክ ዛሬ። ከላይ የነገርኳችሁ ልጅ ሰንሰለቱን ፈትታ ውሻዋን ጥላ ያለው ክፍል አስገብታዋለች፣ ሌሎች ግን አሁንም አስረው ሁለተኛውን ቀን እየቆጠሩ ሊሆን ይችላል።